ለደሴ ሰው ጅዳ ትቀርባለች ወይስ አዲስ አበባ?

ጥያቄው ቀልድ ይመስላል። ግን ቀልድ አይደለም። ካርታና ሰዓት ይዘን እንተሳሰብ።

ከደሴ አዲስ አበባ በመኪና 400 ኪሎ ሜትር ነው። እኔ ደጋግሜ ተመላልሼበታለሁ። ጎህ ሳይቀድ የተነሳ መንገደኛ ከሚሴን፣ ሸዋ ሮቢትንና ደብረ ሲናን አልፎ፣ የጣርማ በርን ዋሻ ሾልኮ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ (ከሆነ ነው!) አመሻሽ ላይ ይገባል። ከቦሌ ጅዳ በአየር 1,400 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ አውሮፕላኑ ግን በሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ይጨርሰዋል።

አሁን ደግሞ ጉዱን ስሙ። ከኮምቦልቻ ጅዳ በቀጥታ ቢለካ 1,200 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ለጅዳ ከቦሌ ይልቅ ኮምቦልቻ ትቀርባለች ማለት ነው። የወሎ ልጅ ግን መጀመሪያ ፊቷን ወደ ደቡብ አዙራ አዲስ አበባ ትወርዳለች፤ ከዚያ ወደ ሰሜን ተመልሳ ትበራለች። ከቦሌ ጅዳ በካርታ ላይ ማስመሪያ ብታጋድሙ መስመሩ የሚያልፈው በምዕራብ ወሎ ሰማይ ነው። ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ስትንገላታበት የዋለችውን አገር በደቂቃዎች ከላዩ አልፋው ትሄዳለች!

«ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ አለ አይደል?» ትሉኝ ይሆናል። አለ እንጂ። ከቦሌ በአየር 250 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። መንደርደሩ፣ ሽቅብ መውጣቱና ተራ ጠብቆ መውረዱ ተደምሮ እንኳ አንድ ሰዓት ግድም ይፈጃል። ከዚያ ወደ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ዳገት ነው። ታዲያ ለድሃ ልጅ ችግሩ ርቀቱ አይደለም፤ የቲኬቱ ዋጋ ነው። ለጅዳው ጉዞ ቤተሰቧ በሬ ሸጦ ወይም ተበድሮ ሰዷት፣ ለኮምቦልቻው ከየት ታምጣ?

ደግሞስ ደሴን ከሰማይ ማግኘት መቼ ከባድ ሆኖ ያውቃል? ህዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሽስት ጢያራዎች ቦምብ ሲያዘንቡባት መንገዱ አልጠፋባቸውም። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችንን ስትመልስ ግን የወሎው ልጅም ቦሌ ወርዶ፣ ከዚያ እንደገና በመኪና ነው አገሩ የገባው። በሳጥን ለሚመለሰውም ያው ነው። ለቅሶተኛ አስከሬኑን ከቦሌ ተቀብሎ ሌሊቱን መንገድ ይገባል።

የሌላኛውን ወገን መከራከሪያ አላጣሁትም። ዓለም አቀፍ በረራ ኢሚግሬሽንና ጉምሩክ ይፈልጋል። ግማሹ ባዶ የሆነ አውሮፕላን ኪሳራ ነው። አየር መንገዱም የሚያተርፈው መንገደኛውን ሁሉ ቦሌ ሰብስቦ ሲበትን ነው። እውነት ነው። ነገር ግን የየቀን በረራ ማን ጠየቀ? በሐጅ ወቅት ይሞከር። ለእነዚያ ቀናት የኢሚግሬሽን ሠራተኞች ኮምቦልቻ ቢወርዱ ምን ይጎዳል? ማረፊያው የጎደለው ካለ ይሟላ። ከፍታው እንዳይባል፣ ኮምቦልቻ ከቦሌ ከ400 ሜትር በላይ ዝቅ ያለች ናት፤ ዝቅ ያለ ቦታ ደግሞ ለአውሮፕላን መነሻ ይመቻል እንጂ አይከብድም። ይህ እስኪሆን ድረስ ለሥራ ለሚሄዱና ለሚመለሱ ልጆች የኮምቦልቻው ዋጋ ኪሳቸውን ያገናዝብ።

አየር መንገዳችን ከ1938 ዓ.ም. ጀምሮ ዓለምን ሲያገናኝ ኖሯል፤ እንኮራበታለን። በገንዘቧ በምትበረው የወሎ ልጅ ላይ ግን «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» እየተተረተ ነው። ይመለከተናል የምትሉ፣ መልስ እንጠብቃለን።