የመጨረሻውን ቅጠል ግለጡልን

ክቡር እንግዳው ሪባኑን ቆርጦ ማይክ ሲጨብጥ፣ ታሪካችን ከዛሬ ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት ሆኗል አለ። ተጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ ገና ወደ ውስጥ አልገባሁም ነበርና።

ቦታው አንድ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ነው። ስሙ ይቅር፣ አንዱን ብጠራ ሌላው የተመሰገነ ይመስለዋል። የሦስት ቀን የብርቅዬ መጻሕፍትና መዛግብት ዐውደ ርእይ ነበር፤ ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ፈንዲሻው ቀርቧል፣ የክቡር እንግዳው ፎቶ ያለበት ባነር ግድግዳውን ሞልቶታል። መሀል ላይ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ከጎንደር ወገን የመጣ የብራና ወንጌል አለ፤ የሉቃስ ሥዕል ያለበት ላይ ተገልጧል። ከሥሩ ያለችው ካርድ ክፍለ ዘመኑን፣ ርዝመቱንና ወርዱን ትናገራለች። ውስጡ ምን እንደተጻፈ ግን አንድ ቃል የለም። መጽሐፍ በሴንቲ ሜትር ሲተዋወቅ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ለበር መዝጊያ እንኳ እንጨቱ ምን እንደሆነ ይጠየቃል።

አስጎብኚውን ልጅ «ከኋላ ባሉት ባዶ ቅጠሎች ላይ የተጻፈ ነገር ይኖር ይሆን?» አልኩት። «አይ ጋሼ፣ ሥዕሉ ነው የሚያምረው» አለኝ። በሦስተኛው ቀን ተመልሼ ሄድኩ። ሉቃስ ያንኑ ብዕር ይዞ እዚያው ተቀምጧል። ለሕዝብ ክፍት የሆነው ታሪካችን እንግዲህ ሁለት ገጽ ነው።

ልጁን አልወቅሰውም፤ ያልነገሩትን ከየት ያምጣው? የምወቅሰው ብራናን እንደ ግድግዳ ሥዕል የሚያዩትን አለቆቹን ነው።  በጎንደር ዘመን መዝገብ ቤቱ የወንጌሉ ባዶ ቅጠልና ኅዳግ ነበር። ጉልት ሲሰጥ፣ ርስት ሲሸጥ፣ ወንድምና እህት ሲካፈሉ፣ ባለጠጋ ሲናዘዝ የሚጻፈው እዚያ ነው። ሻጭና ገዢ በስም ይጠራሉ፣ ዋጋው በወቄት ወርቅ ይቆጠራል፣ እማኞች ይደረደራሉ፣ ቃሉን በሚያፈርስ ላይ ግዝት ይወርድበታል። ከሥዕሉ በስተጀርባ ያለው ይህ ነው። ያውም ብዙው የተጻፈው በግእዝ ሳይሆን በአማርኛ ነው፤ ማንኛውም ተማሪ ትንሽ ቢታገል ያነበዋል።

ዶናልድ ክራሚ የተባለው ታሪክ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተመውን የኢትዮጵያ የመሬት ታሪክ በብዛት የገነባው ከእነዚህ ቅጠሎች ነው። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1982 የበጌምድር ሴቶች መሬት ይወርሱና በስማቸው ይሟገቱ እንደነበር ጽፏል። «ድሮ ሴት ምን ነበራት?» እያለ በየስብሰባው ለሚያላግጥ ሰው ከሉቃስ ሥዕል ይልቅ አንዲት እንዲህ ያለች ቅጠል መልስ ትሰጠው ነበር። እሷን ግን ማን ገልጦ ያሳየው?

ክራሚ የት የት ቅጠል ሲገልጥ እንደኖረ ማሰብ ደግሞ ይበልጥ ያናድዳል፤ አንዱ ለንደን ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት አጋዘው መቅደላ ካከማቿቸው መጻሕፍት 350 የሚጠጉትን እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. ይዘው ሄዱ። ዛሬ ለንደን የአንባቢ መታወቂያ ያወጣ ሰው ከነኅዳጋቸው ያነባቸዋል። ዝርፊያውን እየረገምኩ ነው ይህን የምለው። የዘረፈው ሲገልጥ የወረሰው ይቆልፋል፤ በየዓመቱ «ቅርሶቻችን ይመለሱልን» ብለን ስንፈርም ግን እፍረት የሚባል ነገር የለም። ቢመለሱስ ምን ልናደርጋቸው ነው? ሦስት ቀን በሥዕላቸው ገልጠን መጋዘን ልናስገባቸው?

ብራና እጅ ሲበዛበት ይጎዳል ይሉኛል፤ አውቃለሁ። ሁሉም ይነካካው አላልኩም። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል መጽሐፍ ያሸሹ ካህናት ከእነዚህ አለቆች ያነሰ አልተጠነቀቁም፤ እሳቱ ሲበርድ ግን አውጥተው አነበቡት። ደግሞስ ለክቡር እንግዳው ፎቶ ባነር ያተመ ማተሚያ አንዲት የርስት ሽያጭ ቅጠል አጉልቶ ማተም አቃተው? ከጎኗ ንባቡን በኮምፒውተር ጽፎ መለጠፍስ ስንት ብር ይፈጃል? ከዐውደ ርእዩ ማግስት ጀምሮ ተማሪ ገብቶ የሚቀመጥበት አንድ ጠረጴዛና የመጻሕፍቱ ዝርዝር ቢኖር ሪባኑ ባይቆረጥም ቅር አይለኝም።

አንባቢዬ፣ በሚቀጥለው ዐውደ ርእይ መጋበዝህ አይቀርም። ፈንዲሻህን ያዝ፣ ሥዕሉንም አድንቅ። ከዚያ አለቃውን ፈልገህ «የመጨረሻው ቅጠል ላይ ምን ተጽፏል?» በለው። ካላወቀ፣ እስኪያውቅ ድረስ አታጨብጭብ።