ፈቃድ ሰጪው እጅ ሲያዳላ



ከመካከላችን ብዙው ነጋዴ ነው። ብዙ መስጂዶቻችንም በአጥራቸው ዙሪያ ባሠሯቸው ሱቆች ኪራይ የኢማሙንና የመድረሳውን ወጪ ይሸፍናሉ። ስለዚህ «ይህ ቦታ በፕላኑ ለንግድ አልተመደበም» የሚል ማስጠንቀቂያ በሱቅ በር ላይ ሲለጠፍ የሚጎዳው ባለሱቁ ብቻ አይደለም። የቤተሰቡ እንጀራ፣ አለፍ ሲልም የልጆቻችን ቂርኣት ይነካል።

ከተማ ያለ ፕላን አይሆንም። የትኛው ሰፈር ለመኖሪያ፣ የትኛው ለንግድ እንደሚውል መወሰን የአስተዳደሩ ሥልጣን ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። በአንድ መንገድ ላይ፣ በአንድ ፕላን ሥር፣ ለአንዱ የተፈቀደው ለሌላው ለምን ይከለከላል?

ይህ ጥያቄ በሌላ አገርም ተነስቶ መልስ አግኝቷል። የአሜሪካዋ ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1880 በእንጨት ቤት ውስጥ ያለ ከተማው ቦርድ ፈቃድ ላውንደሪ መክፈትን የሚከለክል ደንብ አወጣች። ምክንያቱ የእሳት አደጋ ነው ተባለ። በከተማዋ ከነበሩት 320 ያህል ላውንደሪዎች 310 ያህሉ የእንጨት ቤቶች ሲሆኑ 240 ያህሉ የቻይናውያን ነበሩ። ደንቡ ቻይናውያንን በስም አይጠቅስም። ሲተገበር ግን ፈቃድ የጠየቁ 200 ያህል ቻይናውያን በሙሉ ተከለከሉ፤ ቻይናዊ ካልሆኑት 80 ያህል አመልካቾች ደግሞ ከአንዱ በቀር ሁሉም ተፈቀደላቸው።

በመዝገቡ ይክ ዎ ተብሎ የሚታወቀው ባለላውንደሪ በዚያው ቤት 22 ዓመት ሠርቷል፤ ከእሳትና ከጤና ተቆጣጣሪዎችም የምስክር ወረቀት ነበረው። ሥራዬን አልተውም በማለቱ ተቀጣ፣ ታሰረ። በ1886 ግን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ ፈረደለት። ሕግ በጽሑፉ እኩል ቢመስልም የሚያስፈጽመው እጅ ካዳላ እኩልነትን ይጥሳል የሚለው መርህ በዚህ ፍርድ ጸና።

እነዚያ ሰዎች በምን አሸነፉ? ተደራጅተው፣ በጽሑፍ አመልክተው፣ የተከለከለውንና የተፈቀደለትን ቆጥረው ነው። ጠበቃም ያቆመላቸው የሙያ ማኅበራቸው ነበር።

እኛም መንገዱ አልተዘጋብንም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 እኩልነትን፣ አንቀጽ 37 ደግሞ ፍትሕ የማግኘት መብትን ይደነግጋሉ። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012ም ተቋማት ውሳኔያቸውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጡ ያዛል፤ ቅር የተሰኘም ውሳኔውን በፍርድ ቤት ማስከለስ ይችላል።

እንግዲህ «አይፈቀድም፣ ሂድ» የሚል የቃል መልስ ይዘን አንመለስ። ውሳኔው ከነምክንያቱ፣ ከነማኅተሙ በወረቀት ይሰጠን እንበል። በቃል የተነገረን ነገር ይዞ ይግባኝ ማለት ከባድ ነው። በዚያው መንገድ ላይ ለማን እንደተፈቀደ በቀንና በቦታ እንመዝግብ። ጉዳዩን በጉቦ ለመጨረስ የሚሞክር ካለም ይታቀብ። ነገሩ ሐራም ከመሆኑም በላይ የጎረቤቱን መብት ይሸጣል።

የመስጂድ ኮሚቴዎችም የራሳችሁን ቤት ፈትሹ። ካርታው ላይ የተጻፈው አገልግሎት ምንድን ነው? ሱቆቹ የግንባታ ፈቃድ አላቸው? የጎደለ ካለ አፍራሹ ሳይመጣ ዛሬውኑ ማመልከቻ ይግባ። ያልተሟላ ሰነድ ለሚያዳላ ባለሥልጣን ሰበብ ይሆነዋል።

ሱረቱል ሙጠፊፊን በሚዛን የሚያጎድሉትን እንደሚያወግዝ ነጋዴዎቻችን ያውቃሉ። ፈቃድ የሚሰጥ ባለሥልጣንም ሚዛን ይዟል። እኛ በሱቃችን ሚዛን እንደምንጠየቅ ሁሉ እርሱም በቢሮው ሚዛን ይጠየቅ። ከዚህ የበለጠ አልጠየቅንም፤ ከዚህ ያነሰም አንቀበልም።