ቅባቱን ሳይሆን ላስቲኩን ቀይሩ!

"ዶክተር፣ የግንባሬ ፀጉር እየሸሸ ነው፤ ምን ቅባት ልጠቀም?" የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ አስተሳሰራችሁ ነው።

ሪላክሰር ፀጉርን የሚያለሰልሰው ጥንካሬ የሚሰጡትን ማያያዣዎች ከውስጥ በጥሶ ነው። ይህን የደከመ ፀጉር በቀጭን ላስቲክ ጥብቅ አድርጎ ማሰር፣ ሂውማን ሄር መስፋት ሥሩን ይጎትተዋል። ቶሎ ከተላላ ተመልሶ ይበቅላል፤ ለዓመታት ከቆየ ግን ሥሩ ጠባሳ ይሆናል፣ ያኔ ቅባት አይመልሰውም።

✅ በጨርቅ የተሸፈነ ሰፋ ያለ ላስቲክ ተጠቀሙ፤ ላላ አድርጋችሁ እሰሩ
✅ ሪላክሰር ከ8 ሳምንት በፊት አትድገሙ፤ አዲስ የበቀለው ላይ ብቻ ይቀባ
✅ በተቀባችሁ ሰሞን ሹሩባ ይቆያችሁ

ፀጉር ቤት "ትንሽ ነው፣ ቻዪው" ስትባሉ አትቻሉት። ሕመሙ ሥሩ እየተጎዳ መሆኑን የሚነግር ምልክት ነው። ካመማችሁ ይፈታ!

ለእህቶቻችሁ ሼር አድርጉላቸው።