ሽብርን መያዝ ሌላ፣ ስደተኛን ማፈስ ሌላ

ቦንብ ስደተኛና ዜጋ አይለይም። በሴፕቴምበር 2013 ናይሮቢ ዌስትጌት ላይ 67 ሰዎች፣ በኤፕሪል 2015 ደግሞ ጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 148 ሰዎች ሲገደሉ እኛም ደንግጠናል፣ አዝነናል። ስለዚህ ፖሊስ አይፈትሽ፣ አይጠይቅ አንልም።

ጥያቄያችን ሰው የሚያዘው ባደረገው ነው ወይስ በመጣበት አገር? የሚል ነው። በኤፕሪል 2014 ኢስሊ ላይ «ኡሳላማ ዎች» የተባለው ዘመቻ ሲጀመር መልሱን አየነው። በሺህ የሚቆጠር ሰው፣ አብዛኛው ሶማሊ፣ ታፈሰ፤ ብዙው ካሳራኒ ስታዲየም ተወስዶ ታጎረ። የፖሊስ ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ራሱ በዚያው ዓመት ባወጣው ሪፖርት የጉቦ አቤቱታዎችን መዝግቧል። እንግዲህ እስቲ አስቡት፦ በ«ኪቱ ኪዶጎ» የሚለቀቅ ከሆነ፣ እውነተኛው አሸባሪ ቀድሞ ከፍሎ አይሄድም እንዴ?

የኬንያ ፍርድ ቤት ግን ዝም አላለም። በዲሴምበር 2014 የወጣው የጸጥታ ሕግ በአገሪቱ ያለው ስደተኛ ከ150,000 እንዳይበልጥ ይል ነበር፤ ያኔ ቁጥራችን ከ500,000 በላይ ነው። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በፌብሩዋሪ 23 ቀን 2015 ያንን አንቀጽ ከሌሎች ሰባት ጋር ሰረዘው። የቀረውን ሕግ አልነካም። ይህ ሚዛን ለእኛ ያስማማል።

ችግሩ ወረቀቱና ኬላው አይገናኙም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 የተያዘ «ሰው» ይላል፣ «ዜጋ» አይልም። ለምን እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ ይነገረዋል፤ ዝም ማለት፣ ጠበቃ ማነጋገር ይችላል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ዓርብ ማታ የተያዘ ግን ፍርድ ቤት ዝግ ስለሆነ እስከ ሰኞ ሊቆይ ይችላል፤ ይህም ሕጋዊ ነው። ከዚያ በላይ ማቆየት የሚችለው ዳኛ እንጂ የጣቢያው አዛዥ አይደለም።

«በሚገባው ቋንቋ» የሚለው ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። በስዋሂሊ ሲጠየቅ ያልገባውን «ንዲዮ» ብሎ ራሱን የሚነቀንቅ ወንድም በመካከላችን ስንት አለ! በሽብር ጉዳይ አንድ «ንዲዮ» ቀላል አይደለችም። ስለዚህ የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። በካምፑ ፖሊስ ጣቢያ የአማርኛ አስተርጓሚ ይመደብልን። ሰው ሲያዝም ስሙና የተያዘበት ሰዓት በዚያው ቀን ለማኅበረሰቡ መሪዎች ይነገር።