ማጥፊያው በማን እጅ ነው?

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የህዳሴ ግድብ ሲመረቅ የኒውክሌር ነገር ተነሳ፤ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ሞስኮ ላይ ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር ሰነድ ተፈረመ። ከዚያ ወዲህ ቡራዩ ታክሲ ውስጥ የምሰማው ሁለት ነገር ነው፦ «በቃ፣ ኃያል ሆንን» ወይም «ቼርኖቤልን ልናመጣው ነው»። ሁለቱም ያናድዱኛል።

ፈሪዎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። ቼርኖቤል ላይ የፈነዳው ሪአክተርና ሩሲያ ዛሬ የምትሸጠው ዲዛይናቸው ለየቅል ነው። «የራሺያ ዕቃ» ብሎ ማጣጣልም አያዋጣም፤ በሶቪየት እርዳታ የተሠራው መልካ ዋከና እ.ኤ.አ. በ1988 ሥራ ጀምሮ ዛሬም ያመነጫል።

ማየት ያለብን አርመንን ነው። ሕዝቧ 3 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ እንደኛው ወደብ የላትም። ከዋና ከተማዋ ከየሬቫን 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ሰበታን አለፍ እንደማለት፣ ሜትሳሞር የሚባል የሶቪየት ዘመን ኒውክሌር ጣቢያ አለ። ሁለት ሪአክተሮች ነበሩት፤ እያንዳንዳቸው 400 ሜጋ ዋት አካባቢ። በታኅሣሥ 1988 (ይሄም በፈረንጆቹ ነው) ርዕደ መሬት 25 ሺህ ያህል ሰው ገደለ። ጣቢያው አልተጎዳም፤ ሰው ግን ደነገጠ፣ በ1989 ሁለቱም ተዘጉ። ምትክ አልነበረም። ጦርነት መጣ፣ ድንበር ተዘጋ፣ መብራት በቀን አንድ ሁለት ሰዓት ብቻ ሆነ። ሰው ለማገዶ የከተማ ዛፍ ቆረጠ። በ1995 አንደኛውን ሪአክተር መልሰው አስነሱት። የአውሮፓ ኅብረት ዝጉት እያለ ስንት ዓመት ወተወተ፤ በምን ይተኩት? እስከ ዛሬ ከአገሪቱ መብራት ሲሶ ያህሉ ከሱ ነው።

ለኔ አስፈሪው ይሄ ነው። ልትዘጋው የማትችለው ጣቢያ ካለህ፣ የደህንነት ተቆጣጣሪህ ወረቀት ላይ ብቻ ነው ያለው።

እኛስ? በ2017 ታኅሣሥና ጥር ከፈንታሌ አካባቢ የተነሳው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሰውን ከእንቅልፉ ቀስቅሷል። ጣቢያው የትም ይተከል የት፣ አንድ መሐንዲስ «ዛሬ ይጥፋ» ቢል የሚሰማው ይኖራል? ሚኒስትር ሳይደውልለት?

ሌላም አለ፤ ኃያል ሆንን ባዮቹ የማይሰሙት። ሪአክተር ከጠፋም በኋላ ሙቀቱ አይቆምም፤ የማቀዝቀዣ ፓምፖቹ መብራት ይፈልጋሉ። ፉኩሺማን እ.ኤ.አ. በ2011 ያቃጠለው የመብራት መቋረጥ ነው። ህዳሴ 13 ተርባይን አለው፤ አንዱ ቢቆም ሌሎቹ ይሸከማሉ። አንድ ትልቅ ሪአክተር ሲቆም ግን ሺህ ሜጋ ዋት በአንዴ ከመስመር ይወጣል። መስመሩ ይችለዋል? ከግቤ 2 የሚመጣው 400 ኪሎ ቮልት ሰበታ ያርፋል፤ የህዳሴው 500 ኪሎ ቮልት ከቡራዩ አለፍ ብሎ ሆለታ ይደርሳል። ከምሰሶዎቹ ሥር ግን እኔ ኮድ የምጽፈው የላፕቶፑን ባትሪ እያየሁ ነው፤ ሱሉልታ ያለው ጓደኛዬ ዳቦ የሚጋግረው ጀነሬተር አጠገቡ አቁሞ ነው።

ኒውክሌር አይሠራ አላልኩም። ቅድሚያ ስምምነቱ ይውጣና እናንብበው፦ ብድሩ ስንት ነው፣ ያገለገለውን ነዳጅ ማን ይወስዳል፣ ጣቢያው አንድ ዓመት ቢዘጋ ምትኩ ምንድነው፣ ተቆጣጣሪው ለማን ነው የሚጠራው? አርመኖች ድንበር ሲዘጋባቸው ነዳጁን በአውሮፕላን ነው ያስገቡት። የኛ በየት በኩል ሊገባ ነው?