ስለ ቆሽት ኦፕራሲዮንና ስለ ሮቦት

በሰውነታችን ውስጥ ካሉት ብልቶች ለሐኪም ምላጭ እጅግ አስቸጋሪ ከሚሆኑት አንዱ ቆሽት ነው። ሕዝባችን እጅግ የተናደደውን ሰው «ቆሽቱ አረረ» ማለቱ በከንቱ አይመስለንም። ቦታው ከጨጓራ በስተኋላ፥ ታላላቅ የደም ሥሮች በሚያልፉበት ሥፍራ ነው፤ በራሱም ላይ ካንሰር የሚባለው ነቀርሳ የወጣበት እንደ ሆነ፥ ሐኪሙ የቆሽቱን ራስ ከቀጭኑ አንጀት መጀመሪያ፥ ከሐሞት ከረጢትና ከሐሞት መተላለፊያ ጋር ቆርጦ ካወጣ በኋላ የቀረውን ሁሉ ከአንጀት ጋር መልሶ ይሰፋል። ስፌቱ ያፈሰሰ እንደ ሆነ የቆሽቱ ፈሳሽ የገዛ ሥጋን ይበላል።

አሁን በሌላው ዓለም ይህን ሥራ ሮቦት በሚባል መኪና መሥራት ተጀምሯል። ከነዚህ አንዱ፥ «ዳ ቪንቺ» የተባለው፥ በአሜሪካ የተፈቀደው እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. ነው። መኪናው ግን የራሱ አሳብ የለውም፤ ሐኪሙ ከበሽተኛው ፈቀቅ ብሎ ተቀምጦ እጁን ሲያንቀሳቅስ የብረቱ ክንዶች ይከተሉታል፥ የእጁንም መንቀጥቀጥ ያስቀሩለታል፥ ቁስሉም ጠባብ ይሆናል። ጥበቡን እናደንቃለን። ነገር ግን በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ በዚህ መኪና ስለ ታከሙት 200 በሽተኞች በ2015 የታተመው ጥናት እንደሚያስረዳው፥ ከስፌቱ ማፍሰስ የቀነሰው ከ40 ኦፕራሲዮን በኋላ፥ የሥራውም ሰዓት ያጠረው ከ80 በኋላ ነው። ደግሞም በ2002 በአሜሪካ የታተመ ሌላ ጥናት፥ ሮቦት ከመምጣቱ በፊት በነበሩት ዓመታት ስለ ታከሙ ሽማግሎች ሲናገር፥ ቆሽት መቁረጥን እጅግ ጥቂት ጊዜ በሚሠሩት ሆስፒታሎች ከ100 በሽተኞች 16 ያህሉ፥ አዘውትረው በሚሠሩት ግን 4 ያህሉ ብቻ እንደ ሞቱ ገልጿል። እንግዲህ ብረቱ የሚጠቅመው የለመደ እጅ ሲያገኝ ነው።

ይህን ወደ አገራችን መልሰን ስንመለከተው፥ የወደራና የነጌሌ ቦረና በሽተኛ ችግር ከመኪናው አስቀድሞ የሚመጣ ነው። የቆሽት ራስ ነቀርሳ ብዙ ጊዜ ያለ ሕመም ዓይንን ቢጫ ያደርጋል፥ ሰውነትን ያሳክካል፥ ያከሳልም። ሰውየው «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ ቅጠል ሲጠጣ ወራት ያልፋሉ፤ በአዶላ በኩል ወደ ሐዋሳ፥ ከዚያም በጠቅላላው 600 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ወደ አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ ነቀርሳው የደም ሥሩን ጨብጦ ይገኛል። ያን ጊዜ እጅም ሮቦትም ሊቈርጠው አይችልም።

ስለዚህ ሹማምንቱ ለመኪናው መግዣ ገንዘብ ከመመደባቸው በፊት (በየጊዜው የሚጣሉትና የሚተኩት መሣሪያዎቹ ብቻ ስንት እንደሚያስወጡ ያስቡ) የቆሽት ኦፕራሲዮን በአንድ ወይም በሁለት ሆስፒታሎች ብቻ እንዲሰበሰብ ቢያደርጉ ይሻላል። በ2015 የኩላሊት ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሲጀመር ባለሙያዎቹ በአንድ ቦታ ተሰብስበው ነበር። ካህናቱና አባ ገዳዎቹም በሽተኛው አስቀድሞ ወደ እነርሱ ይመጣልና፥ ስለ ሐኪም ክብር በመጽሐፈ ሲራክ የተጻፈውን የሚያውቁት አባቶች ጠበሉን ሳይከለክሉ፥ ዓይኑ ቢጫ የሆነውን ሰው በዚያው ሳምንት ወደ ሆስፒታል ይላኩት። በዚያም አልትራሳውንዱን የሚያነብ ሰው ዘወትር ይኑር፤ የማዘዋወሪያውም ወረቀት በየደረጃው ወረፋ ሳይጠብቅ በዕለቱ ተፈርሞ ይሰጠው።