የሜዳ ጀግኖቻችን በወሬ ብቻ አይኑሩ

አንጋጫም ይሁን ሆሳዕና ወይም ዱራሜ፣ የእግር ኳስ ደጋፊዎች የድሮ ጨዋታ ማንሳት ሲጀምሩ ወሬው ከቡድን ይልቅ ወደ ሰው ያደላል። በ1954 የአፍሪካ ዋንጫ 3 ግብ አግብቶ ከግብጹ ባደዊ ጋር የኮከብ ግብ አግቢነትን የተጋራው መንግሥቱ ወርቁ ይነሳል። በ1993 በፕሪሚየር ሊጉ ለመብራት ኃይል 24 ግብ አስቆጥሮ ክብረ ወሰን የያዘው ዮርዳኖስ ዓባይ ይነሳል። በ2013 ለኢትዮጵያ ቡና 29 አግብቶ ያንን ክብረ ወሰን የሰበረው አቡበከር ናስርም እንዲሁ። ክርክሩ ግን በሦስቱ ላይ አንድ ዓይነት አይደለም። የአቡበከር ዘመን ሊጉ በዲኤስቲቪ የተላለፈበት ስለሆነ ተጠራጣሪ ቢነሳ ስልክ ተከፍቶ ይታያል። ስለ መንግሥቱ ሲሆን የሚረታው በዕድሜ የገፋው ወይም ድምፁ ከፍ ያለው ነው። ተጫዋቾቻችንን በማድነቅ ማንም አይበልጠንም፤ የጎደለን አድናቆቱን የሚደግፍ መዝገብ ነው። ጉድለቱ ደግሞ ከብሔራዊ ቡድን ይልቅ በወረዳ ሜዳዎች ይብሳል።

መዝገብ ምን እንደሚጠቅም የሚያሳየው ክሪኬት በአገራችን ብዙ ወዳጅ የለውም፤ አንድ ጨዋታ አምስት ቀን ሊፈጅ ይችላል ሲባል የሚስቀው ይበዛል። ደጋፊዎቹ ግን የአንድን ሰው ድንቅ ቀን ሲያነሱ በግምት አይናገሩም፤ እያንዳንዱ ኳስ ይጻፋልና። የዌስት ኢንዲሱ ብራያን ላራ እ.ኤ.አ. በ2004 አንቲጓ ላይ ከእንግሊዝ ጋር ተጫውቶ ማንም ሳያስወጣው 400 ነጥብ ሲያስመዘግብ፣ 582 ኳስ እንደተወረወረለትና 778 ደቂቃ ዱላውን ይዞ እንደቆመ ይታወቃል። እንግሊዛዊው ጂም ሌከር እ.ኤ.አ. በ1956 ማንቸስተር ላይ፣ በሁለቱ ዙር ሊወጡ ከሚችሉት 20 የአውስትራሊያ መቺዎች 19ኙን ብቻውን አስወጥቷል። መዝገቡ ጀግናን ብቻ አያወድስም። ላራ 400 ያስመዘገበበት ጨዋታ ያለ አሸናፊ ማለቁ እዚያው ተጽፏል፤ ስለዚህ «ለራሱ ክብረ ወሰን ሲል የቡድኑን ጊዜ ፈጀ» የሚለው ወገን መረጃ ይዞ ይሟገታል፤ የላራ ወዳጅም በመረጃ ይመልስለታል።

እግር ኳስ የቡድን ጨዋታ ነው፣ የግለሰብ ቁጥር መልቀም ራስ ወዳድነትን ያበረታታል የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም። ነገር ግን አንዱን አግንኖ ሌላውን የሚያስረሳው የመዝገብ መኖር ሳይሆን አለመኖሩ ነው። ጥር 13 ቀን 2005ን እናንሳ። ጥር 13 ቀን 1954 ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳችበት ዕለት ነው፤ ልክ በ51 ዓመቱ፣ ቀኑ እንኳ ሳይዛነፍ፣ ዋሊያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ ውድድሩ ተመልሰው ደቡብ አፍሪካ ኔልስፕሩት ላይ የወቅቱን ሻምፒዮን ዛምቢያን ገጠሙ። ሳላዲን ሰኢድ የፍጹም ቅጣት ምት አመከነ፤ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፤ ኮሊንስ ምቤሱማ ከእረፍት በፊት ዛምቢያን መሪ አደረገ። በሁለተኛው አጋማሽ በ10 ሰው የቀረው ቡድን በአዳነ ግርማ ግብ 1ለ1 ወጣ። የሚወራው አዳነ ነው፤ ይገባዋልም። ከተቀያሪ ወንበር ተነሥቶ ገብቶ፣ ሰው ከጎደለው ቡድን ጀርባ እስከ መጨረሻው ፊሽካ የቆመውን ግብ ጠባቂ ዘሪሁን ታደለን ግን ስንቱ ያነሳዋል? በክሪኬት ግን እ.ኤ.አ. በ2019 ሊድስ ላይ እንግሊዝ አውስትራሊያን ስትረታ ቤን ስቶክስ ሳይወጣ 135 ነጥብ አስመዝግቧል። የመጨረሻ አጋሩ የነበረው ጃክ ሊች 17 ኳስ ተከላክሎ ያገኘው 1 ነጥብ ብቻ ነበር። ያቺ 1 ነጥብም ተመዝግባለች፤ የስቶክስን ጀብዱ የሚያወሳ ደጋፊ ሊችን ሳይጠራ አያልፍም። በሚገባ የተያዘ መዝገብ ለቡድን መንፈስ ጠላቱ አይደለም።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ «የቀበሌ ወይም የትምህርት ቤት ጨዋታ ተመዝግቦ ማን ሊያነበው?» የሚለው ነው። ሊጉ ከ2013 ወዲህ በተመረጡ ከተሞች እየተሰባሰበ ስለሚካሄድ የሀዲያ ሆሳዕና ደጋፊ አብዛኛውን ጊዜ ክለቡን የሚያየው በስክሪን ነው። የአንጋጫ ሰው በዓይኑ በብረቱ የሚያየው ጨዋታ ደጁ ላይ የሚደረገውን ነው፤ ነገ ክለብ የሚፈልገው ልጅ የሚገኘውም ከዚያው ነው። አሁን ሁሉም ስልክ አለው፣ ይቀረጻል የሚል ይኖራል። ስልክ ግን ግቡንና ጭፈራውን እንጂ ኳሷን ከመሐል ሜዳ ነጥቆ ያቀበለውን ልጅ አይቀርጽም፤ ስልኩ ሲሰበር ደግሞ ሁሉም አብሮ ይጠፋል። በትልቁ ሊግ እንኳ የ2012 ውድድር በኮሮና ምክንያት ተሰርዞ ያለ ሻምፒዮን ቀርቷል። በዚያ ዓመት መረብ የነካው ኳስ ግን አልተሰረዘም፤ ማን እንዳገባው ካልተጻፈ በቀር።

ለዚህ ሥራ ስታዲየምም ካሜራም አያስፈልግም፤ ደብተርና እስኪርብቶ የያዘ አንድ ተማሪ መስመር ዳር ቢቀመጥ ይበቃል። ቀኑን፣ ሜዳውን፣ የሁለቱን ቡድን አሰላለፍ፣ ግብ የገባበትን ደቂቃ፣ ያገባውንና ያቀበለውን፣ ተቀይሮ የገባውን፣ ግብ ጠባቂው ያዳናቸውን ኳሶች ይጻፍ። ሲያልቅ ሁለቱ አምበሎችና ዳኛው ይፈርሙበት፤ አንዱ ቅጂ በትምህርት ቤቱ፣ ሌላው በወረዳው ስፖርት ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ። የአንጋጫና የአጎራባች ወረዳዎች የስፖርት ኃላፊዎችና የስፖርት መምህራን፣ በቀጣዩ ውድድር ዋንጫ ከመግዛታችሁ በፊት ደብተሩን ግዙ።